ሃያ ላይ የቆመው ልጅ

መቱ ያለው ሱቄ አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሲነግድበት የኖረ ነው። ከሃያ አንድ ዓመት በታች ለሆነ ሰው ሲጋራና መጠጥ አይሸጥም የሚለው ሕግ ሲመጣ ግራ ገባኝ። በሰፈራችን ሲጋራ የሚያጨሰው አባት፣ የሚገዛው ልጅ ነበር። ልጆቹን ባዶ እጃቸውን ስመልሳቸው አባቶች አኮረፉ። እያደር ግን ራሳቸው እየመጡ መግዛት ጀመሩ፤ ወሬው ደራ፣ እኔም ደስ አለኝ።

ሕጉን ያስረዱኝ አንድ በጡረታ ላይ ያሉ የጤና ባለሙያ ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ከሰዓት በኋላ ሱቄ ደጃፍ ካለው አግዳሚ ወንበር አይጠፉም። በሕግ ቀልድ አያውቁም።

ጎረቤቴ እትዬ ደግሞ ቤተሰባቸው በሰፈራ ከወሎ የመጣ፣ ድንችና ጎመን የሚቸረችሩ ሳቂታ ሴት ናቸው። አናጺ ልጅ አላቸው። የዚህ ልጅ ዕድሜ ሃያ ላይ ቆሟል፤ ካቻምናም ሃያ፣ አምናም ሃያ፣ ዘንድሮም ሃያ። ምክንያቱን ሴቶቹ ሁሉ እናውቃለን። የልጅ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር የእናትም አብሮ ይጎተታል፤ እትዬ ደግሞ አርባን ላይረግጡ የማሉ ይመስላሉ። መታወቂያው ላይ የሰፈረውም እሳቸው ያሉት ነው። ልጁ ሃያን ካለፈ የቆየው የታናሽ ወንድሜ እኩያ መሆኑን እያወቅሁ ዝም እላለሁ። የሰው ገመና አይነካም።

አንድ ቅዳሜ እናትና ልጅ ሁለት ሳጥን ቢራ ሊገዙ መጡ። በማግስቱ ሽማግሌ ሊልኩ ነውና ለሽማግሌዎቹ መጋበዣ ነው። ሽማግሌ የሚላከው ደግሞ ጋሼ ቤት ነው፤ ሴት ልጃቸውን ለጋብቻ ለመጠየቅ። ጋሼ ነገሩን ሰምተዋል፤ እንደ ወጉ ግን ምንም እንዳልሰማ ሰው ተቀምጠዋል።

ልጁ ብር ሲያወጣ ጋሼ፣ «ስንት ዓመቱ ነው?» አሉ።

«ሃያ» አሉ እትዬ፣ አፋቸው ለምዶ።

«እንግዲያ ገና ኢጆሌ፣ ገና ልጅ ነው። ቢራ አይሸጥለትም።» ጋሼ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉት። «ቢራ ያልተፈቀደለት ልጅ ትዳር ቢጠይቅስ፣ የልጅቷ አባት ምን ይላል እትዬ?»

ልጁ ብሩን በእጁ እንደያዘ ደርቆ ቀረ። አሳዘነኝ። ልጅቷን እንዴት እንደሚወዳት አውቃለሁ። ምላሴን በላኝ፤ ግን እውነቱን እኔ ብናገር እናቱን በአደባባይ ማዋረድ ይሆንብኛል።

እትዬ ልጃቸውን አዩት። ሻሻቸውን አጠበቁ።

«ጋሼ፣ ሃያ አምስት ሞልቶታል።»

«ዱጋ?»

«እውነቴን ነው። የወለድኩት እኔ አይደለሁ?»

ጋሼ ፈገግታቸውን ለመደበቅ ወደ መንገዱ ዞሩ። «ሽጪላቸው» አሉኝ።

ልጁ ሁለቱን ሳጥን ተሸክሞ ወጣ። እትዬ ወደ ባንኮኒው ጠጋ ብለው፣ «በይ እንግዲህ፣ የእኔንም ዕድሜ ቁጠሪልኝ» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ሂሳብ አልችልም» አልኳቸው። እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

ዛሬ እትዬና ጋሼ አንዲት የልጅ ልጅ አለቻቸው። ጎመን ሊገዛ የመጣ ሁሉ ዕድሜዋን ሲጠይቅ፣ እትዬ ወሩንም ቀኑንም ቆጥረው ይናገራሉ፤ አንዲት ቀን አያጎድሉም።