ደወለኛዋና ሰንሰለተኛው

ሰፈሩ «ክሪክ» ይላታል፤ መኪና ማንሻዋን ማለታቸው ነው። ጎሚስታ ናትና ስሙ አልከበዳትም። የሚያሳርራት ሌላ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ጎማ ስትፈታና ስትገጥም ኖራ፣ ዛሬም ደንበኛው ከመኪናው ወርዶ ከላይ እስከ ታች ያያትና «ሰውዬው የለም?» ይላል። ሰውዬው የተባለው ታናሽ ወንድሟ ነው። እሷ ላቧን አንጠፍጥፋ ብሎኖቹን ካጠበቀች በኋላ፣ እሱ ከወንበሩ ተነስቶ መፍቻውን ይቀበላትና የመጨረሻዋን አንዴ ጠበቅ ያደርጋል። ምስጋናው ለእሱ ነው። እሷ እጇን በጨርቅ ትጠርጋለች።

የቪዲዮ ጌሙንም የገዛችው በዚሁ ንዴት ነው። አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በገዛ እጇ መጨረስ አማራት። አሮጌ ማጫወቻ ሳሎን አስገባችና ሰባት ሳምንት ሙሉ ማንም ሳይነካላት ሄደች። ከዚያ ጌሙ ውስጥ አንድ የድልድይ በር ላይ ሁለት ቦሶች፣ ካልሞቱ በሩ የማይከፈት ኃይለኛ ጠላቶች፣ ቆመው ጠበቋት። ሰንሰለተኛው ግዙፍ፣ ቀርፋፋ፣ ከሩቅ የሚመታ ነው። ደወለኛዋ ቀጭን፣ ዘላይ፣ ከኋላ የምትመጣ ናት። ክፋታቸው ደግሞ አንዱ ሲሞት ሌላው ጉልበቱን ይወርሳል፤ ሕይወቱም እንደ አዲስ ይሞላል።

ክሪክ ግልፍተኛ ናት፤ የመታትን ሳትመታ አታርፍም። ደወለኛዋ አንዴ ከነካቻት ሌላውን ረስታ እሷን ብቻ ታሳድዳለች፣ ትገድላታለችም። ወዲያው ሰንሰለተኛው በሁለት ሰው ጉልበት ይመጣና መሬት ላይ ይዘረጋታል። አርባ ጊዜ ሳትሞት አልቀረችም።

አንድ እሁድ ከሰዓት ግን ገባት። ጎማ ሲገጠም አንዱን ብሎን ጥርቅም አድርጎ ወደ ጎረቤቱ መሄድ የለም፤ ጎማው ይንጋደዳል። ትንሽ አጥብቆ ወደ ፊት ለፊቱ መሻገር፣ እንደገና መመለስ ነው። ይህን በየቀኑ የምትሠራ ሴት ሶፋ ላይ ስትቀመጥ እንዴት እንደጠፋት እያሰበች ራሷን ረገመች።

በሩ ፊት ያለውን ምሰሶ መሃል አድርጋ ዞረች። ሰንሰለቱ ምሰሶውን ሲመታ ሁለት ጊዜ ሰንሰለተኛውን፣ ደወለኛዋ ዘላ ስታርፍ ሁለት ጊዜ እሷን መታች። ደወለኛዋ ስትመታት ክሪክ ጥርሷን ነክሳ ተራዋን ጠበቀች፤ አላሳደደቻትም። ወንድሟ ገብቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ምን ትመላለሻለሽ? አንዷን ጨርሻት እንጂ» አለ።

«አፍህን ዝጋ።»

የሁለቱም ሕይወት ክር አከለ። ጎን ለጎን ሲቆሙ በአንድ ሰፊ ምት አብረው ይወድቃሉ። ቆሙም።

«አምጪ፣ አምጪ፣ እኔ ልጨርስልሽ» አለና ጆይስቲኩን ከእጇ መንትፎ ሰይፉን አዞረ። ሁለቱም ወደቁ፤ በሩ ተከፈተ።

«አየሽ? አሸነፍን» አለ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ።

ክሪክ ጆይስቲኩን ተቀበለችው፣ የተቀመጠውን ጨዋታ ፈለገችና «ሰርዝ» የሚለውን ተጫነች። ጌሙ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቃት፤ ሁለቴም አዎ አለች።

«አብደሻል እንዴ? የሰባት ሳምንት ልፋት እኮ ነው።»

«ሰባት ሳምንቱ የኔ ነበር። ያንተ አንድ ምት ናት፤ እሷን ይዘህ ውጣ።»

«ልርዳሽ ብዬ እኮ ነው።»

«መች ጠየቅኩህ?»

ጫማውን አድርጎ እስኪወጣ ድረስ እሷ አዲስ ጨዋታ ጀምራ የመጀመሪያውን ጠላት ጥላ ነበር።