ስድስት የሮቃ ፍሬ

ዳራቫን በቀኝ ኪሷ ስድስት የሮቃ ፍሬ፣ ባቄላ የሚያክሉ ጠንካራ ዘሮች፣ ሳትይዝ ከቤቷ አትወጣም። ሥራዋ የአራስ ልጆችን ትንፋሽ መቁጠር ነው። ቀላል ይመስላል፤ ግን ቀርቦ ላየው እንዴት ያለ ድንቅ ጥበብ ነው! ሕፃኑ ማልቀስም መጥባትም የለበትም፤ ማንም አይነካውም። ልብሱ ገለጥ ይደረግና ሆዱ ይታያል። ሆዱ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ትንፋሽ ነው። አሥር ሲሞላ አንዷ ፍሬ ከቀኝ እጅ ወደ ግራ ትዛወራለች። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት አይሆንም፤ የአራስ ትንፋሽ አንዴ ይጣደፋል፣ አንዴ ቀጥ ይላል። ስለዚህ ደቂቃው መሙላት አለበት። ደቂቃው ሳያልቅ ስድስቱም ፍሬ ግራ እጅ ከገባ፣ ሁለት ወር ያልሞላው ልጅ በሳንባ ምች ይጠረጠራል።

የተወለደችውም የምትሠራውም ላኦስ ውስጥ፣ ሜኮንግ ወንዝ ዳር፣ ናሳይ መንደር ነው። እስከ ሠላሳ አራት ዓመቷ ሸማኔ ነበረች። ላኦስና ሌሎች ሦስት አገሮች የሕፃናትን የሳንባ ምች ቶሎ ለይቶ ማከምና መከላከል የሚቻልበትን መንገድ አብረው ማጥናት ሲጀምሩ፣ ጤና ጣቢያው ዘጠኝ ቆጣሪዎች ፈለገ። ዳራቫን ቀድማ ተመዘገበች። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረችም። የመጀመሪያ ልጇ በተወለደ በሃያ ቀኑ፣ በብርዱ ወራት ነበር የሞተባት። ያኔ ትንፋሹን የቆጠረለት ሰው አልነበረም።

በሦስተኛው ዓመት ዶክተር ሶምፔት አስጠራት። አጠገቡ የጥናቱን ቁጥሮች የምትመረምረው ኖርዌያዊቷ ኢንገር ተቀምጣለች።

«እትዬ ዳራ፣» አለ ሐኪሙ፣ «ሌሎቹ ቆጣሪዎች ዘንድ ትንፋሹ የሚፈጥነው ከአሥር አራስ አንዱ ነው። አንቺ ዘንድ ከአርባ አንድ አራስ አሥራ ሰባቱ!»

«መቁጠር አትችይም እያላችሁኝ ነው?»

ሐኪሙ አንገቱን አከከ። «የናሳይ መዝገብ ከጥናቱ እንዲወጣ ታስቧል።»

መዝገቡ ወጣ ማለት እነዚያ አርባ አንድ ልጆች እንዳልተቆጠሩ ሆኑ ማለት ነው። ያልተቆጠረ ልጅ ምን እንደሚሆን ደግሞ ዳራቫን ታውቃለች።

«ዕድሜዬን ሙሉ ክር ስቆጥር ነው የኖርኩት» አለች። «አንድ ክር ብስት ጨርቁ ራሱ ያሳብቅብኛል። አንድ ቀን አብራችሁኝ ዋሉ። ከዚያ መሰረዣውን እስክሪብቶ እኔው አቀብላችኋለሁ።»

ሐኪሙ ተረጎመላት። ኢንገር ሰዓቷን ከእጇ ፈታችና፣ «እንሂድ» አለች።

የሄዱት እማማ ቡዋ ቤት ነው፤ ልጃቸው ኬት ከወለደች አሥራ ሁለት ቀኗ ነው። እንደ አገሩ ሴት ሁሉ ከሥሩ ፍም በተነጠፈ የቀርከሃ አልጋ ላይ ተኝታ፣ ሥራ ሥር የተቀቀለበት ትኩስ ውኃ እየጠጣች ትሞቃለች። ልጁም አጠገቧ ነው። እማማ ቡዋ እንግዶቹን በረንዳ ላይ አስቀምጠው ሕፃኑን ይዘውላቸው ወጡ።

«ወይ አስቀያሚ!» አለች ዳራቫን።

«እንቁራሪት ነው እንጂ ሰው መቼ ሆነና!» አሉ አያቱ ፊታቸው በርቶ።

«ምን ተባባሉ?» ጠየቀች ኢንገር።

«ልጁን አደነቁት» አለ ሐኪሙ። «በግልጽ ካመሰገኑት መንፈስ ይቀናበታል።»

ቆጠሩ። ኢንገር ሃምሳ ሁለት፣ ዳራቫን ሃምሳ ሁለት።

«ሌሎቹ የሚቆጥሩት እዚህ ነው» አለች ዳራቫን። «አራስ ያለችበት ክፍል ዘው ብሎ መግባት ነውር ስለሆነ፣ ልጁን አስወጡልን ይላሉ። እኔን አያቶቹ ስለለመዱኝ እገባለሁ። ለመሆኑ ይሄ ልጅ ቀኑን የሚውለው በረንዳ ላይ ነው?»

ሐኪሙ ደጅ ቀረ፤ ሁለቱ ሴቶች ገቡ። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። ልጁን ከፍሙ አጠገብ አስተኝተው ግማሽ ሰዓት ጠበቁ። ከዚያ ቆጠሩ። ስድስተኛዋ ፍሬ ስትዛወር ከደቂቃው ገና ዘጠኝ ሴኮንድ ይቀር ነበር። ሁለቱም ሰባ አንድ አሉ።

«እንደገና!» አለች ኢንገር እንባዋን እየጠረገች። ልጁን አውጥተው ጠበቁ፤ ሃምሳ አራት። መልሰው አስገቡት፤ ሰባ።

«ኧረ ልጁን እንደ ሩዝ አሰጣችሁት እኮ!» አሉ እማማ ቡዋ። «አውጡት፣ አስገቡት!»

ወደ ሐኪሙ ወጡ። «ቁጥርሽ ልክ ነው» አለች ኢንገር በእሱ አስተርጓሚነት። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ዳራቫን ግን አልተደሰተችም። ፍሬዎቹን በመዳፏ አገላበጠች። «እኔም ተሳስቻለሁ» አለች። «ያጣደፋቸው ሙቀቱ ከሆነ፣ ከአሥራ ሰባቱ ብዙዎቹ አልታመሙም ነበር። ጭሱ ደግሞ ጤነኛውንም ቀስ በቀስ ያሳምማል። የታመመውን ለመለየት ሁለት ጊዜ መቁጠር አለብን፤ አንዴ እሳቱ ዳር፣ አንዴ ከእሳቱ ርቆ። ራቅ ብሎም ትንፋሹ ያልረገበለት እሱ ነው የታመመው።»

የናሳይ መዝገብ ሳይሰረዝ ቀረ። ከወራት በኋላም በአራቱ አገሮች ቅጽ ላይ አንድ ጥያቄ ተጨመረ፤ «ልጁ ሲቆጠር የት ነበር?»

እማማ ቡዋ ቤት በቆጠሩ በማግስቱ ጠዋት ዳራቫን ብቻዋን ወጣች። ሦስተኛው ቤት የዘጠኝ ቀን አራስ አለ። እሳቱ ዳር ሰባ አራት። በረንዳ ላይ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ ስልሳ ስምንት። ሲተነፍስ የጎድን አጥንቶቹ ሥር ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል።

«ፔንግ፣ ተነሺ» አለቻት እናቱን። «ጤና ጣቢያ ልትሄዱ ነው።»

አማቲቱ በሩ ላይ ቆሙ። «አሥራ አምስት ቀን ሳይሞላት ከእሳት አትነሣም! ብርድ ይገባታል!»

«ለብርዱ ብርድ ልብስ አለ፣ እማማ። እሱ ግን መለወጫ ሳንባ የለውም። እሳቱን አያጥፉት፤ ስትመለስ ትሞቀዋለች።» የግራ እጇን ዘረጋች። «ይዩት፤ ስድስቱም አልቀዋል። ያውም በረንዳ ላይ።»

አሮጊቷ ፍሬዎቹን አዩ፣ ልጁን አዩ። ከዚያ የራሳቸውን ብርድ ልብስ አውርደው ምራታቸውን ጠቀለሏት፤ ባጃጅ የጠሩትም እሳቸው ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ዶክተር ሶምፔት ደወለ። «ኦክሲጅን ተሰጥቶታል፤ መድኃኒትም ጀምሯል። አሁን ስልሳ አንድ ላይ ነው፤ እየወረደ ነው።»

«ሙሉ ደቂቃ ቆጠራችሁ?»

«ሙሉ ደቂቃ፣ እትዬ።»

ቁጥሩን ጻፈችና የት እንደተቆጠረም ከጎኑ አሰፈረች። ፍሬዎቹን ወደ ቀኝ ኪሷ መልሳ የአራተኛውን ቤት ደረጃ ወጣች። «በረንዳው ላይ ቁጭ በይ፣ ልጁን ላምጣልሽ» አሏት ከውስጥ።

«አይ፣ እኔው ልግባ» አለችና ጫማዋን አወለቀች።