ስም የማይጻፍበት ሚኒባስ

ለሁለተኛ ዲግሪዬ የመረጥኩት ጥናት ከሮቤ ጎባ በሚመላለሱ ሚኒባሶች ውስጥ ማን ለማን መቀመጫ እንደሚለቅ ማየት ነበር። ማመልከቻዬን ለምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴው አስገባሁ። ከጥቂት ቀን በኋላ ጸሐፊዋ ጠርታ፣ "ከሙሉ ግምገማ ነፃ ነህ ተብሏል" አለችኝ። "ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ የሚሆነውን ብቻ ነው የምታየው። ግን ጣልቃ እንዳትገባ። ማንነት የሚያሳውቅ ነገርም አትመዝግብ። ስም እንዳትጽፍ!"

ደስ ብሎኝ በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፈርኩና ጥጌን ይዤ መጻፍ ጀመርኩ። ገና ከሮቤ ሳንወጣ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ።

"ኢልመኮ፣ ልጄ፣ ምንድን ነው የምትጽፈው?"

"ጥናት ነው፣ አባባ።"

"እኔም አለሁበት?"

"ሁሉም ሰው አለበት።"

"እንግዲያው ስሜን ጻፋ!"

"አልችልም፣ አባባ። የእርስዎን ስም ከጻፍኩ ነፃ መሆኔ ይቀራል።"

ሽማግሌው ክው አሉ። "ያ ረቢ! ስሜን መጻፍ ሰው የሚያሳስረው፣ እኔ ምን አድርጌ ነው?"

ሚኒባሱ በሳቅ ተናጋ። ላስረዳ ብዬ አፌን ስከፍት ባሰ፤ ጥናቱ መቀመጫ ስለመልቀቅ መሆኑን ሁሉም ሰማ። ቀጣዩ ፌርማታ ላይ አንዲት ሴትዮ ሲገቡ ተሳፋሪው በሙሉ ብድግ አለ።

"እዚህ ይቀመጡ!"

"ኧረ እኔ ጋ፣ በሞቴ!"

"ወላሂ አልቀመጥም፣ እርስዎ ካልተቀመጡ!"

ሴትዮዋ ግራ ገብቷቸው ተመልሰው ወረዱ። ሌላው ሰው ጣሪያው አጎንብሶት እንደቆመ ቀረ። ረዳቱ በሩን ይዞ፣ "ኧረ ተቀመጡ! ትራፊክ ቢያየን ምን እላለሁ?" እያለ ይለምናል። ሽማግሌው ብቻ አልተነሱም። "እኔማ ስሜ ካልተጻፈ ለምን ብዬ?" አሉ።

ጎባ እንደደረስን ለጸሐፊዋ ደወልኩ። የሆነውን ስነግራት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። "ነፃነትህ አልተነካም፤ የተበላሸው ጥናትህ ነው" አለችኝ። "ያንን ጉዞ ተወው። ከዚህ በኋላ ሰው በማያስተውልህ ቦታ ሆነህ እይ። ተሳፋሪዎቹን ልጠይቅ ካልክ ግን መጀመሪያ ወደኛ ትመለሳለህ።"

ከዚያ ወዲህ በጎባ መናኸሪያ ብርድ፣ ጋቢ እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ፣ ቆመው ከሚጭኑት ሚኒባሶች ራቅ ብዬ በመስኮታቸው አጮልቅ ጀመር። ከተሳፋሪው ማንም አላወቀኝም። ጥናቱ በሰላም አለቀ። እናቴ ብቻ፣ ጎረቤት "ልጅሽ መናኸሪያ ታሞ ተኮራምቷል" ብሎ ስለነገራት፣ ሁለት ጊዜ አጥሚት በቴርሞስ ይዛ መጥታ በተሳፋሪው ሁሉ ፊት አስጠጣችኝ።