ዝናቡ መቆሙን ያልሰሙት አድማጭ

ያን ቀን ጠዋት ሰማዩ የመወልወያ ባልዲ ውስጥ የቀረ ውሃ መስሎ ነበር። ይዘንባል ስንል እምቢ አለ፤ እንግዶቹ አዳራሹ ገብተው ልብሳቸውን ሰብስበው ሲቀመጡ ግን እነሱን ሲጠብቅ እንደቆየ ሁሉ ወረደ። የትምህርት ቤታችን አዳራሽ ጣሪያው ባዶ ቆርቆሮ ነው። ዝናብ ሲመታው አጠገብህ ያለ ሰው ቢጮህብህም፣ አፉ ሲንቀሳቀስ ከማየት በቀር የምታተርፈው ነገር የለም።

የተሰበሰብነው ለምስጋና ነው። የወረዳው ትምህርት ቤቶች በዓመት አንዴ የበረቱ ተማሪዎችን፣ ሠራተኞችንና በነጻ የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞችን መድረክ ላይ እየጠሩ ያመሰግናሉ። ዘንድሮ ዝግጅቱ እኛ ትምህርት ቤት ስለነበር ወንበሩን የደረደርኩት፣ ወለሉን የወለወልኩት እኔ ነኝ። ጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ከአምስተኛ ክፍል አቋርጬ የወጣሁበትን በር ተመልሼ የገባሁት ባልዲ ይዤ ነው፤ ሆነ እንግዲህ። ድካም ብዙ ነገር ወስዶብኛል። ሰውን እያዩ መገረምን ግን አልወሰደብኝም፤ ስለ አባባ ወፍጮ ልጽፍ የተነሳሁትም ለዚያ ነው።

«አባባ ወፍጮ» ልጆቹ ያወጡላቸው ስም ነው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ወፍጮ ቤት ሲፈጩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሞተሩ አርጅቶ ወፍጮ ቤቱ ሲዘጋ ወደ ትምህርት ቤታችን መጥተው «በነጻ ላገልግል» አሉ። የተሰጣቸው ሥራ ማዳመጥ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት በንባብ ክፍሉ ትንሽዬ ወንበር ላይ፣ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ይቀመጣሉ። ልጆች በየተራ ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብለው ያነቡላቸዋል። እሳቸውም ያንኑ መጽሐፍ ዘርግተው ይከታተላሉ። «አፍህን ክፈት! ቃሉ ይውጣ እንጂ ምን ታላምጠዋለህ?» ከማለት ሌላ ብዙም አይናገሩም።

ታዲያ አፋቸው የማይፈታ ልጆች እሳቸው ዘንድ ሰንብተው ሲወጡ ንግግራቸው ጥርት ይላል። ይህ ነገር ከነከነኝ። ምን እያደረጓቸው ነው? መወልወያዬን ይዤ እዚያ ክፍል መመላለስ አበዛሁ።

አንድ ቀን ከበስተኋላቸው ስወለውል የብረት ባልዲው ከእጄ አምልጦ ወደቀ። ልጆቹ ከወንበራቸው ዘለሉ፤ አንዷ ጮኸች። አባባ ወፍጮ አንገታቸውን እንኳ አላዞሩም። የዘለሉትን ልጆች እያዩ «ምን ነካችሁ?» አሉ።

ልጆቹ ለዕረፍት ሲወጡ ልሞክራቸው ወደድኩ። መጻሕፍቱን ቁም ሳጥን ውስጥ ሲመልሱ ከኋላቸው ቆሜ፣ ድምፄን ሳልቀንስ «አንተ ሽማግሌ፣ ሱሪህ ተቀዷል!» አልኩ። መጻሕፍቱን መደርደራቸውን ቀጠሉ። «አንተን እኮ ነው!» ብዬ ደገምኩ።

ረጋ ብለው፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «አንተ ማለቱን እንኳ ልተውልሽ፤ ሱሪዬ የት ጋ ነው የተቀደደው?» አሉኝ።

ለካ በቁም ሳጥኑ መስታወት አፌን እያዩት ኖሯል። የምገባበት ጠፋኝ። እሳቸው ግን ስቀው ስቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ጆሮዬን ወፍጮው ወሰደው፤ አንድ ቀን መጥቶ አይደለም የወሰደው፣ ቀስ እያለ ነው። እዚያ ሞተሩ ሲያጓራ ማን ማንን ይሰማል? ‹ላመ ወይ?›፣ ‹ተራዬ ነው›፣ ‹እሷ ቀድማኝ ነው› የሚለውን ሁሉ ከከንፈር ላይ ነው የምናነሳው። ስለምድ ጆሮዬ መሄዱን እንኳ አላወቅኩም።»

«ታዲያ ጋሼ፣ የማይሰማ ሰው ማዳመጥን ሥራዬ ብሎ ይይዛል?» አልኳቸው። «አትክልት ማጠጣት አይሻልዎትም?»

«አትክልት ያናግረኛል?» አሉ። ሳቃቸው ቀረ። «ቤት ልጆቼ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነው የሚያወሩት። ክፋት የላቸውም፤ ይረሱታል። ሊያነብልኝ የተቀመጠ ልጅ ግን ፊቱን አያዞርም። እዚህ ወንበር ላይ ስቀመጥ ነው ሰው የሚያናግረኝ። ዳይሬክተሯ ካወቀች ታሰናብተኛለች። ባለፈው ዓመት እያዳመጡ ያንቀላፉትን ጡረተኛ አመስግና ሸኝታቸው የለም? እሳቸው እንኳ ሲነቁ ይሰሙ ነበር። አደራሽን፣ እህቴ።»

«እኔ ምን አገባኝ፣ ጋሼ» አልኩ። ከዚያ በኋላ ግን ሳናግራቸው ፊት ለፊት መቆም ጀመርኩ።

በዚያው ሰሞን ሁለተኛ ክፍል አንዲት ልጅ ገባች። ጓደኞቿ «ጭጭ» ይሏታል። ክፍል ውስጥ ድምፅዋን የሰማ የለም። መምህሯ ለምናም፣ ተቆጥታም አቃታትና ወደ አባባ ወፍጮ ላከቻት። ሳሾልቅ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳም። ልጅቷ መጽሐፉን ከፍታ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ድምፅ የሚባል የለም። እሳቸውም «እሺ፣ ቀጥይ። ይህቺን ዘለልሻት፣ ተመለሽ» ይሏታል። ጭጭ ቀና ብላ አየቻቸው። በዚህ ዓለም ላይ ዝምታዋን የሚሰማ ሰው ያገኘች ይመስለኛል።

ለሳምንታት እንዲሁ በከንፈር አነበበች። ከዚያ ትንፋሽ መጣ፤ ከትንፋሹ ጋር እንደ ጫጩት ያለች ቀጭን ድምፅ። መምህሯ ሰምታ አለቀሰች። በምስጋናው ቀንም «በንባብ የተሻሻለች ተማሪ» ተብላ መድረክ ላይ አንድ ገጽ እንድታነብ ተመረጠች።

ወደ ዝናቡ ልመለስ። ጣሪያው ስለሚያፈስ ባልዲዬን ይዤ በጎ ፈቃደኞቹ ከተቀመጡበት ረድፍ ዳር ቆሜያለሁ። አባባ ወፍጮ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ጫማቸውን ወልውለው ከአጠገቤ አሉ። ለእኛ ለጽዳት ሠራተኞች አስቀድሞ በጅምላ ተጨብጭቦልናል። ጭጭ መድረክ ላይ ስትወጣ መብራት ጠፋ፤ ማይኩም አብሮ ሞተ።

አነበበች። ለፊተኛው ረድፍ እንኳ አልተሰማችም። ከኋላ «አይሰማም!» ብለው ጮኹ። ያቺ ድምፅ ተመልሳ ስትገባ አየሁ፤ ልጅቷ አገጯን ደረቷ ላይ ጣለች። መድረክ መሪው መጽሐፉን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

አባባ ወፍጮ ተነሱ። ኮታቸውን ይዤ፣ ፊት ለፊታቸው ሆኜ «ይቀመጡ፣ ያውቁብዎታል!» አልኳቸው። ከንፈሬን አይተዋል፤ ገብቷቸዋል። እጄን ቀስ አድርገው አላቀቁና፣ ሞተር እያጓራ ደንበኛ በሚጠሩበት በዚያ በወፍጮ ቤት ድምፅ «ለእኔ አንብቢልኝ!» አሏት።

ጭጭ ቀና አለች። ዓይኗን እሳቸው ላይ ተክላ አፏን ከፈተች። እሳቸውም ከአራተኛው ረድፍ ተቀበሏት፦ «ኤሊዋ ከግንቡ ማዶ ምን እንዳለ ማወቅ ፈለገች!» ዝናቡን አልፎ ኋላ ድረስ ተሰማ። «ድንጋይ ላይ ወጣች! አልደረሰችም!» እሷ ታነባለች፣ እሳቸው ይጮኻሉ። ከፊት የተቀመጡት እንግዶች «እኛ ያልሰማነውን እኚህ ሰውዬ ከዚያ ሆነው እንዴት ሰሙት?» በሚል ዓይን እየዞሩ ያዩዋቸዋል።

መሀል ላይ ዝናቡ ድንገት ቆመ። የጭጭ ድምፅ ቀጭን ሆና፣ ግን ጥርት ብላ አዳራሹን ሞላች። አባባ ወፍጮ ግን ቀጠሉ። ሁሉም የሰማውን ዓረፍተ ነገር በዚያ ፀጥታ ውስጥ ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ እየጮኹ ይደግማሉ። መጀመሪያ ሰው ሳቀ። ቀጥሎ ሳቁ ከየረድፉ እየቀዘቀዘ ሄደ። ዳይሬክተሯን አየኋት፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

ጭጭ ማንበቧን አቁማ ጣቷን ወደ ጣሪያው ቀሰረች። ያለ ድምፅ፣ በከንፈሯ ብቻ «አባባ፣ ቆሟል» አለቻቸው። ወደ ላይ አዩ፤ ዙሪያቸውን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ እሷም ገጹን ብቻዋን ጨረሰች። ጭብጨባውን ያዩት ከሰዎቹ እጅ ነው።

በማግስቱ ዳይሬክተሯ ሁለታችንንም ጠራችን። «እትዬ፣ ያውቁ ነበር?» አለችኝ። «አውቅ ነበር» አልኩ፤ ምን ልዋሽ። ወደ እሳቸው ዞረች፤ ልብ አድርጉ፣ ፊቷን ወደ እሳቸው አድርጋ ነው የተናገረችው።

«አባባ፣ ከወረዳ ደውለው ‹የማይሰማ አድማጭ አስቀምጣችሁ ነው ወይ?› አሉኝ። ምን ልበላቸው?»

«እውነታቸውን ነው» አሉ። «አንዳንዱ ፊደል ከንፈር ላይ አንድ ዓይነት ነው፤ እሱ ያመልጠኛል። አልዋሽሽም።» ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ ያሽከረክራሉ። ሰውዬው ያችን ትንሽ ወንበር ሲሰናበቱ ታየኝ።

ዳይሬክተሯ ድንገት እኔን አየችኝ። «እትዬ፣ የእርስዎ ጆሮ ደህና ነው አይደል? ፊደልም ያውቃሉ። እሳቸው የሚያመልጣቸውን እርስዎ ይያዙ።»

«ወለሉስ?» አልኩ።

«ወለሉ ይጠብቃል።»

ሲጠብቅም አላየሁትም፤ ያው ከሰዓት በኋላ እኔው ነኝ የምወለውለው። ሥራ እንጂ ሌላ የተጨመረልኝ የለም። ጭጭ ሦስተኛ ክፍል ገብታለች፤ በወሬ ብዛት ትቀጣለች አሉ። አባባ ወፍጮ አሁንም ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ንባብ ክፍሉ ውስጥ ናቸው። ወንበራቸው የልጁ ፊት ላይ ብርሃን እንዲወድቅ ወደ መስኮቱ ተዛውሯል። እኔ ከጎናቸው እቀመጣለሁ።