መሃል ላይ የሚተው ቅጽ

የመድን ቢሮው የሟች ቤተሰቦች በስልካቸው የሚሞሉትን ቅጽ የሚያዘጋጅበትን ፕሮግራም የመምረጡን ጣጣ በአንዲት አንጋፋ ሠራተኛው ላይ ጥሎባታል። አለቃዋ ዛሬውኑ ቁረጪ ብሏታል። የሹራቧ ክርን ሳስቷል፤ የሰው ድካም ከጉልበት ይልቅ ከትከሻ እንደሚጀምር እሷን ያየ ያውቃል።

የዛሬውን ፕሮግራም ሊሸጥ የመጣው ወጣት ፍጥነቱንና መልኩን ምላሱ እስኪዝል አወራላት። እሷ ስልኩን ተቀብላ ቅጹን መሙላት ጀመረች። እኩሌታው ላይ ስትደርስ አስቀመጠችውና ወደ መስኮቱ ሄደች። ውጭ ከግድግዳ በቀር የሚታይ ነገር የለም። ቀድመው የመጡትን ፕሮግራሞች የጣለቻቸው በዚሁ ነው፤ ስትመለስ የጻፈችውን አጥፍተው ጠበቋት።

ወጣቱ ግራ ገባው። «እትዬ፣ ቶሎ የሚያልቅ ነገር እኮ ነው። መሃል ላይ ማን ይተወዋል?»

«ይተዋል፣ የኔ ልጅ። አንዳንዱ ወር ይቆያል። ሲመለስ እንደገና ከሀ ጀምር አይባልም።»

አለቃዋ በበሩ ብቅ አለ። «አሁንም አላለቀም? ያ የመጀመሪያው ፈጣን ነው አላልሽም እንዴ?»

«ለማን ነው የሚፈጥነው?» አለች ሳትዞር።

አለቃው ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ተመልሳ ስልኩን ስትከፍት የጻፈችው ሁሉ እንዳለ ነበር።

«ይኼን እንወስዳለን» አለች።

ወጣቱ በደስታ ጎንበስ ብሎ አየ። ለሟች ምኑ ነዎት በሚለው ቦታ «እናት» ተብሎ ተሞልቷል፤ ከሥሩ የሟች ስም የሚለው ባዶ ነው።

«እንግዲያው ይጨርሱትና ሲላክ እንየው» አላት።

ለሙከራ ያገኘችውን ስም መጻፍ ትችል ነበር። ጣቷ ባዶው ቦታ ላይ ጥቂት ቆየ።

«ነገ» አለችና ስልኩን መለሰችለት።