ሳሎን ውስጥ የተደረገ የወላጆች ስብሰባ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የጻፍኩት ነገር ቢኖር የአስቤዛ ዝርዝር ነው፤ እሱንም ባለሱቁ እየሳቀ ነበር የሚያነበው። ብሳሳት አትፍረዱብኝ።

የምሠራው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የከተማው የትምህርት ዳይሬክተር ቤት ነው። እትዬ ሥራ የጀመሩት ገጠር በማስተማር ነው፤ ቀጥለው ርዕሰ መምህር፣ ከዚያ የክፍለ ከተማ ኃላፊ፣ አሁን ደግሞ ዳይሬክተር ሆነዋል። ቤታቸውንም የሚመሩት እንደ ትምህርት ቤት ነው። ሰኞ ሰኞ የሳምንቱን የወጥ ዕቅድ አቀርባለሁ። አንድ ረቡዕ በምስር ፈንታ ሽሮ ብሠራ፣ «ዕቅዱ ለምን ተቀየረ?» ብለው ማብራሪያ ጠየቁኝ። ምስሩ አሮብኝ ነበር።

የተቀጠርኩ ቀን አንድ ሕግ ነግረውኛል፦ «እዚህ ቤት የትምህርት ቤት ጉዳይ ይዞ የሚመጣ ሰው አይገባም። ዘመድም ቢሆን።» ምዝገባ ሲደርስ ታዲያ የግቢው እናቶች እኔን ነው የሚይዙኝ። ልብስ ሳሰጣ አንዷ መጥታ፣ «የኔ ቆንጆ፣ ስለ ልጄ አንድ ቃል ጣል አድርጊልኝ» ትለኛለች። ዘበኛው ሳይቀር፣ «ጀለሴ፣ አንቺ እኮ ሚኒስትር ማለት ነሽ!» ይለኛል። እኔ አፍሬ መሬት መሬት አያለሁ።

ማንም ያላወቀው እኔም የራሴ ጉዳይ እንዳለኝ ነው። ስድስተኛን ጨርሼ ነው ያቋረጥኩት። ሰባተኛን በማታ ለመማር ፈልጌ ነበር፤ ምዝገባው ደግሞ አርብ ያልቃል። ማታ ማታ ለመውጣት እትዬን ማስፈቀድ ነበረብኝ። የከተማው ትምህርት ቤት ሁሉ በእጃቸው ያለ ሰው ቤት እየኖርኩ፣ ስለ ትምህርት ቃል መተንፈስ አቃተኝ።

እትዬ ትልቅ ስብሰባ ሲኖራቸው ሳሎን ውስጥ ይለማመዳሉ። እኔ ወላጅ ሆኜ እቀመጣለሁ። የዚያ እሁድም ከምሳ በኋላ መነጽራቸውን አድርገው ቆሙና፣ ለእኔና ለሶፋው «የተከበራችሁ ወላጆች!» አሉ። ንግግሩ ረጅም ነበር። ሲጨርሱ፣ «ጥያቄ?» አሉ። ሌላ ጊዜ «የለኝም» ስል፣ «ጥያቄ የሌለው ወላጅ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም!» ብለው ይቆጡኝ ነበር።

ያን ቀን እጄ ወጣ። ራሴም ደነገጥኩ።

«እሺ፣ ከኋላ ያሉት እናት» አሉ፣ ሳሎኑ በሰው የሞላ ይመስል።

«አንድ... አንድ ልጅ አለችኝ። ስድስተኛን ጨርሳ አቋረጠች። አሁን ማታ መማር ትፈልጋለች። ግን ሰው ቤት ነው የምትሠራው፤ አሠሪዋን ማስፈቀድ ፈራች።»

እትዬ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱ። «ይሄ በጣም ያሳዝናል! እንዲህ ዓይነት አሠሪዎችን ጠርተን መምከር አለብን!» ከዚያ ብዕራቸውን አነሱ። «ልጅቷ ዕድሜዋ ስንት ነው?»

«ሃያ ሁለት።»

«እናትየዋስ?»

መዋሸት አልችልበትም። «ሃያ ሁለት» አልኩ።

ብዕሩ ቆመ። ዕቃ ላጥብ ብዬ ብድግ ስል፣ «ቁጭ በይ፣ ስብሰባው አላለቀም» አሉኝ። «አሠሪዋ ክፉ ናት?»

«ኧረ አይደሉም፣ እትዬ። ዕቅድ ይወዳሉ እንጂ።»

ይስቃሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ አልሳቁም። ማስታወሻቸው ላይ የሆነ ነገር ጽፈው ሁለት ጊዜ አሰመሩበት።

«ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ነፃ ነሽ፤ ራቱን ቀደም አድርገሽ ሥሪው» አሉኝ። «ለማንም ግን ስልክ አልደውልልሽም። ነገ ካርድሽን ይዘሽ እንደ ሰው ሁሉ ተሰለፊ። ደግሞ ቁርስሽን በደንብ በልተሽ ሂጂ፤ የእኛን ሰልፍ አውቀዋለሁ።»