ደባርቅ ገበያ የሞከርኳት የእጅ ባትሪ

ባለፈው ቅዳሜ ርካሽ የእጅ ባትሪ ልገዛ ደባርቅ ገበያ አንድ ሱቅ ገባሁ። ባትሪዋ ሲያዩዋት ብረት ትመስላለች፤ መታ መታ ሳደርጋት ግን ድምጿ የፕላስቲክ ነው።

«ብርሃኗስ?» አልኩት ባለሱቁን።

«በዚህ ፀሐይ ምን ይታይሃል ወንድሜ? ግባና እዚያ ሞክራት» ብሎ ከሱቁ ጀርባ ወዳለው መጋዘን አስገባኝና በሩን ከኋላዬ ዘጋው።

መዝጋቱ አላማረኝም። ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ ሳዳምጥ፣ ጨለማው ውስጥ ሰው ይተነፍሳል።

«ማነው?» ብዬ ባትሪዋን ቦግ ሳደርጋት፣ አንድ ሽማግሌ የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። በእጃቸው የእኔኑ ዓይነት ባትሪ ይዘዋል።

«እሰይ ልጄ፣ ያንተስ በራች!» አሉኝ። «የኔዋ እምቢ ብላ በሩን አጥቼው ነው። ሰውየውም ብጠራው አይሰማ!»